እጄ ንጹሕ ነው ስለሚል የመኪና ባለቤት

ሰው በገዛ እጁ ላልሠራው ጥፋት ዕዳ አለበትን? ይህ ጥያቄ ከሩቅ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በደጅ ሲደርስ ግን ይከብዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም በሌሊት ወደ እኔ መጣ። መኪናውን ለእኅቱ ልጅ አውሶት ነበር። ልጁም ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ገጭቶ እግሯን ሰበረ። መኪናው መድን አልነበረውም። ያም ወንድም፥ «መምህር፥ በዚያች ሰዓት እኔ በቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ እጄ መሪውን አልነካም። ታዲያ የእኔ ዕዳ ምንድር ነው?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ልጁ ሰርቆ ወሰደው ብዬ ብመሰክር እድናለሁ ይሉኛል» አለ።

ይህን የመከሩት ሰዎች ሕጉን ያውቁ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 እንደሚያዝዘው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ከዕዳው አያመልጥም። የሚያመልጠው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ጠላትም በዚህች ቀዳዳ አጠገብ ቆሞ ሐሰትን ሹክ ይላል።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፥ ያችን አንዲት ቃል ብትናገር የምታደርገውን ተመልከት። የእኅትህን ልጅ ሌባ ታሰኘዋለህ፤ የተሰበረችውን ሴት ያለ ካሣ ትሰድዳታለህ፤ በእግዚአብሔርም ስም ምለህ በሐሰት ትመሰክራለህ። ገንዘብህን ታድናለህ፤ ሦስት ነፍሳትን ግን ታቈስላለህ፤ ከሦስቱም አንዲቱ የራስህ ናት።

ሕጉስ ጨካኝ ነውን? አይደለም፤ በደልና ዕዳ ሁለት ነገሮች ናቸውና። በግዴለሽነት የነዳ ሰው በደሉ በራሱ ላይ ነው፤ ስለ እርሱም በዳኛና በእግዚአብሔር ፊት ራሱ ይመልሳል። አደገኛውን ነገር ወደ መንገድ ያወጣው፥ ጥቅሙንም የሚያገኘው ግን ባለቤቱ ነው፤ ጥቅሙን የሚቀበል ጉዳቱን አልቀበልም ሊል አይገባውም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ ሲታዘዝ፥ የበሬውን ጠባይ ተነግሮት ያልጠበቀው ጌታው ተጠያቂ ሆኗል፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ያልከደነውም እንዲሁ። ባለቤቱ አልወጋም፤ ነገር ግን አልጠበቀም። መኪናም ከበሬ ይልቅ ኀይለኛ ነው።

አንዳንድ ምእመናን ደግሞ መድን መግባት በእግዚአብሔር አለመታመን ነው ይላሉ። የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 559፥ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 799 ግዴታ ሆኖ ታውጇል። ይህ መድን የራስህን መኪና ለመጠገን አይደለም፤ መኪናህ ለሚጐዳው፥ አንተም ለማታውቀው ሰው ነው። በእግዚአብሔር መታመን መልካም ነው፤ ነገር ግን እምነትህን በባልንጀራህ እግር ላይ አትፈትን።

ስለ ዘመድስ ምን እንላለን? ዘመድን መውደድ ጥፋቱን መሸሸግ አይደለም፤ ቍልፍ መከልከልም ጥላቻ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ፥ አናሲሞስ ያጐደለው ነገር ቢኖር በእርሱ ላይ እንዲቈጠርበት ለመነ። የአናሲሞስን ጥፋት አልካደም፤ ዕዳውን ግን በራሱ ላይ ወሰደ። የክርስቲያን ዘመድነት እንዲህ ነው።

ያ ወንድም በሐሰት አልመሰከረም። ከልጁ ጋር ሄዶ በሴቲቱ ደጅ ቆመ፤ በሽማግሎች ፊት ያለውን ከፍሎ የቀረውን በየወሩ ሊከፍል ቃል ገባ። ልጁም ከደመወዙ ያግዘው ጀመር። መኪናው ተሸጠ፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ ተቸገረ። ኪሳራው ቀላል ነበረ አልልህም፤ እንቅልፉ ግን ተመለሰለት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ቍልፍህን ለሰው ከመስጠትህ በፊት የሚነዳው ፈቃድ እንዳለው፥ ፍሬኑ ደኅና እንደ ሆነ፥ የመድንህም ዘመን እንዳላለፈ መርምር። አደጋ ቢደርስ አስቀድመህ የቈሰለውን አንሣ፤ ከዚያም እውነቱን ተናገር። ጌታችን የእርሱ ያልሆነውን ዕዳ ስለ እኛ ከተሸከመ፥ እኛ የራሳችንን እንዴት እንክዳለን? እርሱ ልቡናችንን ያቅናልን፤ አሜን።