የወንዝ ዓሣ የማን ነው?



የሰው ላም ነድቶ የወሰደ ሌባ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከጎረቤት አውድማ እህል የዛቀም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ማንም ያላረባውን፣ ማንም ያልቀለበውን፣ ወደ ፈቀደው የሚዋኝ የወንዝ ዓሣ ያወጣ ሰው ሌባ ይባላልን? ወንዙ የሚያልፈው በአንድ ባለጸጋ ርስት ውስጥ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝና በዌልስ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎችን አከራክሯል፤ አጣልቷል፤ ወደ ወኅኒም አስገብቷል። ነገሩ የሩቅ አገር ይምሰል እንጂ ፍርዱ ለእኛም የሚጠቅም ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው አስበናል።

አስቀድሞ ስለ ዓሣውና ስለ ወንዙ ጥቂት እንበል። ትራውት የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚወድ፣ ቆዳው ነጠብጣብ ያለበት፣ ሥጋው የጣፈጠ ዓሣ ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች ስለ ተለቀቀ የዚያ አካባቢ ሰዎች ያውቁታል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የባሕር ሙላት በማይደርስበት ወንዝ ዓሣ የማጥመድ መብት በአብዛኛው የዳርቻው መሬት ባለቤት ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ባለመሬቶች ቢኖሩ እያንዳንዳቸው እስከ ወንዙ አጋማሽ ድረስ መብት አላቸው። ይህ መብት እንደ ቤት ይሸጣል፤ ይከራያልም። ስለዚህ በመንደሩ ተወልዶ ያደገ ድሀ፣ በልጅነቱ ከዋኘበት ወንዝ ዓሣ ለማውጣት የሌላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሩቅ ከተማ የመጣ ባለገንዘብ ግን ኪራዩን ከፍሎ ቀኑን ሙሉ ሲያጠምድ ይውላል።

እስቲ አሁን በዚያ አገር አንድ ሌሊት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ወሩ ነሐሴ ነው፤ እዚያ የበጋ ጊዜ ስለሆነ ወንዙ ጎድሏል። አንድ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ሥራ ከፈታ ሦስት ወር ሆኖታል። እኩለ ሌሊት ሲሆን የባለርስቱን አጥር ዘሎ ገባ፤ እጅጌውን ሰብስቦ በደረቱ ተኛ፤ እጁንም ውሃው ቦርቡሮ ባጎደጎደው ዳርቻ ሥር ቀስ አድርጎ አስገባ። ትራውት በዚያ ተጠልሎ ያርፋል። ጣቶች ሆዱን በቀስታ እየዳሰሱ ወደ ራሱ ሲጠጉ ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ ከዚያ በአንድ አፍታ ጨብጦ ማውጣት ነው። መንጠቆ የለ፤ መረብ የለ፤ ብልሃት ብቻ። ያገራችን ሰው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል። በዚያ ወንዝ ዘንዶ የለም፤ ጎርጓሪውን የሚያስፈራው መብራትና ውሻ ይዞ የሚዞረው የባለርስቱ ዘበኛ ነው። ሰውየው ሁለት ዓሣ አውጥቶ ለልጆቹ ይዞ ሄደ።

በዚያው ሌሊት ከእርሱ በታች፣ ወንዙ ጠልቆ በሚተኛበት ስፍራ፣ ሌሎች ሰዎች መጡ። እነርሱ የያዙት በጆንያ የተሞላ ኖራ ነበር። ኖራው ውሃው ውስጥ በተደፋ ጊዜ ትልቁም ትንሹም፣ ለገበያ የሚሆነውም ጣት የማያህለው ጫጩትም በአንድነት ሞቶ ተንሳፈፈ። ሰዎቹ ትልልቁን ለቅመው ለሆቴል ሊሸጡ ሄዱ፤ የቀረው እዚያው በሰበሰ። እነዚህን ሰዎች ለምሳሌ አመጣናቸው እንጂ በእጅ መዳሰሱም ሆነ ኖራ መድፋቱ በሌሊት አጥማጆች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። በአገራችንም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ አለ።

ታዲያ ሕግ ስለ እነዚህ ሰዎች ምን ይላል? የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 ባወጣው የሕግ መጽሐፍ፣ የዱር አውሬ፣ የሰማይ ወፍና የውሃ ዓሣ እስኪያዙ ድረስ ባለቤት የላቸውም፤ በወንዝ ማጥመድም የሁሉ መብት ነው። የእንግሊዝ ሕግ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ለወጠ። በወንዝ የሚዋኘው ዓሣ የማንም አይደለም፤ የማጥመዱ መብት ግን የባለመሬቱ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1723 የወጣውና «ጥቁሩ ሕግ» የሚባለው ሕግ ደግሞ መሣሪያ ይዞና ፊቱን አጥቁሮ ዓሣ የሰረቀ ሰው በሞት እንዲቀጣ አዘዘ። ለአንድ ዓሣ የአንድ ሰው ነፍስ! ይህ ሕግ በአብዛኛው የተሻረው ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1823 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ በሌላ ሰው ወንዝ ማጥመድን ከተራ ስርቆት ለይቶ አስቀመጠው። በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ ከጠለቀች አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ባለው ጊዜ በመንጠቆ ያጠመደ ሰው፣ ሕጉ በወጣበት ጊዜ፣ ቅጣቱ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር። በሌሊት ያጠመደ ግን ጥፋቱን ከደገመ እስከ እስራት ሊደርስ ይችል ነበር። እንግዲህ ይህ ሕግ ሰዓቱን አይቷል። በመርዝ ማጥመድን የሚከለክል ሌላ ሕግ ቢኖርም፣ በዚህኛው ግን ሁለት ዓሣ በእጁ ያወጣው አባትና ወንዙን በኖራ የገደሉት ሰዎች በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ሕሊና ግን በዚህ አይረካም።

በመጀመሪያ ለሌሊት አጥማጁ የሚቆመውን ሰው ቃል በትዕግሥት እንስማ። «ዓሣውን የፈጠረው ባለርስቱ አይደለም። አልዘራውም፤ አልኮተኮተውም። ሕጉን ያወጡት እነማን ናቸው? ባለመሬቶቹ አይደሉምን?» ይላል። ይህ ከንቱ ቃል አይደለም። በዌልስ በዋይ ወንዝ ላይኛው ክፍል፣ በራያደር ከተማ አካባቢ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ የሚገኘው ሳልሞን የተባለው የትራውት ዘመድ ነው። ይህ ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ ወንዙን ሲወጣ በታችኛው ክፍል ያሉ ባለመረቦችና ባለጸጎች በወቅቱ ያጠምዱታል። ወደ ተራራው ሰዎች ሲደርስ ግን የማጥመጃው ወቅት ተዘግቷል። ተራራው ሕዝብ «ዓሣውን እየጠበቅን የምናሳድገው ለሌሎች ነውን?» ብሎ ተቆጣ። ሰዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው፣ አንዳንዶቹም የሴት ልብስ ለብሰው፣ በችቦ ብርሃን ዓሣውን በጦር እየወጉ ያወጡ ጀመር። የዘበኞቹም ብርታት አላገዳቸውም።

ቁጣቸው እውነት ነበረው። ይሁንና ወቅቱ ለምን እንደ ተዘጋ እንጠይቅ። ትራውትም ሳልሞንም በብርዱ ወራት ሴቲቱ በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። አንዲት ኪሎ የምትመዝን ትራውት ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ አድጎ ለመውለድ የሚበቃው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚያች ሌሊት በጦር የተወጋችው ዓሣ እንግዲህ የባለርስቱ ብቻ አልነበረችም። የሚመጣው ዓመት ዓሣ እናት ነበረች፤ የሚመጣውም ዓመት ዓሣ የወጊው ልጆች፣ የጎረቤቱም ልጆች ሲሳይ ነው። ባለጸጋውን እበቀላለሁ ብሎ የተወረወረው ጦር ባለጸጋውን አልፎ ያልተወለደውን ድሀ ወጋው።

በኦሪት ሕግ ይህን የሚመስሉ ሁለት ትእዛዛት አሉ። የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። ወደ ባልንጀራው ወይን ቦታ የገባም እስኪጠግብ እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ በዕቃው ይዞ መሄድ ግን ተከልክሏል። ሕጉ ለረኃብ በር ከፈተ፤ ለስግብግብነት ዘጋ። የባለቤቱም መብት አልፈረሰም፤ የተራበውም ባዶ ሆዱን አልተመለሰም።

ከዚህ ተነሥተን ወደዚያች ሌሊት ስንመለስ አንድ መለኪያ እናገኛለን። ከዘበኛ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከጎረቤት መደበቅ ሌላ ነው። ያለ ጥፋቱ የሚሳደድ ሰውም ይደበቃልና መደበቅ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም። ነገር ግን ያ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ በማግሥቱ ለጎረቤቱ «ትናንት ማታ ሁለት ዓሣ አወጣሁ» ብሎ መናገር ይችላል። ጎረቤቱ ምናልባት ይስቃል፤ ምናልባትም ይገሥጸዋል። ኖራ የደፉት ሰዎች ግን ከብቱን በዚያው ወንዝ ለሚያጠጣው ጎረቤታቸው ሥራቸውን መናገር አይችሉም። ጨለማ ያስፈለጋቸው ከባለርስቱ ይልቅ ከእርሱ ለመሰወር ነው።

ይህን ስንል ሁለት ዓሣ የወሰደው ጥፋት የለበትም ማለታችን አይደለም። የሌላውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ወስዷል፤ ቢያዝ ሊከፍል ይገባዋል። ደግሞም ረኃብ የከፈተውን በር ልማድ ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ዛሬ ሁለት ለልጆቹ ያወጣ፣ ነገ አራት ለገበያ፣ ከነገ ወዲያ መረብ ማለቱ አይቀርም። መለኪያው ለባለርስቱም አይራራም። ሥራ የፈታ ጎረቤቱ እየተራበ ለጨዋታ የሚያጠምደውን ዓሣ በውሻ የሚያስጠብቅ ሰው፣ ሕጉ ከእርሱ ጋር ስለሆነ ጻድቅ አይባልም። አንድ ነገር ግን ልንክደው አይገባም፤ ለራሱ ደስታ ብሎም ቢሆን ያስጠበቀው ወንዝ ዓሣው ሳያልቅ ቆይቷል።

ቀንም ቢሆን ሥራን አያነጻም። የዋይን ወንዝ በዛሬው ጊዜ አብዝቶ የሚጎዳው ችቦ ይዞ የሚመጣ ሰው አይደለም። ከእርሻና ከብዙ የዶሮ እርባታ ታጥቦ የሚወርድ ፍግና ፍሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የወንዙ ሁኔታ እየተበላሸ መሄዱን አስታውቋል፤ ሳልሞኑም እየተመናመነ ነው። ይህ ሁሉ የሆነ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ፊቱን ሳያጠቁር ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ በእኛም ዘንድ «የመንግሥት ነው»፣ «የማንም አይደለም»፣ «እርሱ ሀብታም ነው፤ አይጎዳም» የሚሉ ቃላት ከአፍ አይጠፉም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት የዚያው ዘመድ ነው። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ የሚባሉት ዝርያዎች በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረቡን ዘርግቶ የሚጠብቃቸው ሰው ከማን እየወሰደ ነው? ሐይቁ የግል ርስት አይደለምና የሚያባርረው ባለጸጋ የለም። የሚጎዳው የራሱ ባልንጀራ፣ በሚመጣው ዓመት ታንኳውን ይዞ የሚወጣው ዓሣ አጥማጅ ነው።

ስለዚህ ከወንዝም ሆነ ከመጋዘን፣ ከቢሮም ሆነ ከጋራ ማሳ እጃችሁን ስትዘረጉ «የማን ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ብልጥ ሰው ሁልጊዜ መልስ አያጣም። «ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ምን ቀረ?» ብላችሁም ጠይቁ። በሚመጣው እሑድ በምትሰበሰቡበት ጊዜ ደግሞ ይህን ተወያዩበት፤ በዚያ ሌሊት ዘበኛው እናንተ ብትሆኑና ሁለት ዓሣ የያዘውን አባት ብታገኙት ምን ታደርጉ ነበር?