ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በጉንደ ወይን አካባቢ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ እንጀራ ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። በዚህ ባህል ያደግን ነንና ስለ መጠለያ ሲነሣ «እኛ ድሮም እንግዳ ተቀባይ ነን» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ለመሆኑ እውነት ነው?

የእግዜር እንግዳ አንድ ጠባይ አለው፤ በማግሥቱ ይሄዳል። ልግስናችንም ሲነጋ ያበቃል። ከዐረብ አገር የተመለሰችው እኅታችን ግን ወዴት ትሂድ? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. የቤሩት አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል።

የአንዲቱን መንገድ እንከተል። አባት በሬ ይሸጣል፣ ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ደላላው ገንዘቡን ይቀበላል። እሷ በምትልከው ብር የሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ይሆናል። ባዶ እጇን፣ አንዳንዴም አእምሮዋ ታውኮ ስትመለስ ግን፣ በዚያው ቆርቆሮ ሥር «መቼ ነው የምትሄጂው?» ትባላለች። ቤቱን የሠራችው እሷ፣ እንግዳዋም እሷ! አፍራ ወደ ከተማ ትወርዳለች፤ የቤት ኪራይ ያቅታታል፤ ያው ደላላ መልሶ ያገኛታል።

«ማን ሂጂ አላት?» የሚሉ አሉ። በማታለል የተገኘ ፈቃድ እኮ ፈቃድ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂዋን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን ጥበቃና መቋቋሚያ እንደሚገባት ሰው ነው የሚያያት። «አገር ውስጥ ስንት ቤት አልባ አለ!» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፤ አለ። ነገር ግን የአንዱ መራብ የሌላውን ረኀብ ሐሰት አያደርገውም። ከዚያም በላይ ጉልበቷን በልተናል። የተበላ ጉልበት ሲመለስ ምጽዋት አይባልም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

ታዲያ ጥያቄው ለራሳችን ልጅ ብቻ ነው? በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ ክልላችን ገቡ። በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ መጠለያ ብዙዎቹ «ደኅንነት የለንም» ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ዕዳ የለብንም እንበል፤ ጉልበታቸውን አልበላንም። ነገር ግን ቤሩት ላይ ለእኅታችን የጠየቅነውን እዚህ ለሱዳናዊቷ ከነፈግን፣ የጠየቅነው ፍትሕ ሳይሆን ለወገን ማድላት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጠለያና ቤት ይለያያሉ። በዐረብ አገር ብዙዎቹ ጣሪያ አላጡም፤ በእብነ በረድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ፓስፖርቱም የበሩ ቁልፍም ግን በእመቤቲቱ እጅ ነበር። በአውላላም ድንኳን ነበር፤ ተኝቶ የሚያድሩበት ሰላም ግን ታጣ። ስለዚህ ቤት ማለት ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ሲፈልግ ከፍቶ የሚወጣበት ነው። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ተመላሾችን ተቀብለው ማስጠለላቸው የሚመሰገን ነው። የመጠለያ ጊዜ ግን ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት የአከራይ ደጅ ነው። አከራዩ ቅድመ ክፍያና ዋስ ይላል። እሷ ሁለቱም የላትም።

እኛ ተማሪዎች ቤት የምንሠራበት አቅም የለንም። ይሁን እንጂ ዕድሩ ለለቅሶ እንደሚያዋጣ ለሦስት ወር ኪራይ እንዲያዋጣ ልንወተውት፣ ደመወዝ ያላቸው ዘመዶቻችን ዋስ እንዲሆኗት ልንለምን፣ ሁሉ ቢቀር ክረምት አገራችን ስንገባ «መቼ ትሄጃለሽ?» የሚለውን አፍ ልንገሥጽ እንችላለን። አዲስ ቤት ለገባ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን። ለእሷ ይህን ያላት ሰው እስካሁን አልሰማንም።