ስለ ድካምና ስለ ዕረፍት

በቋንቋችን «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ሥራውን አቁሞ የተቀመጠውን ሰው ዐረፈ እንላለን፤ ከዚህ ዓለም የተለየውንም እንዲሁ ዐረፈ እንላለን። ከግእዝ የወረስነው ይህ አነጋገር ያማረ ነው፤ ልንነቅፈውም አልተነሣንም። ነገር ግን በስደት ብዙ ዘመን ከኖርን በኋላ አንድ ነገር ያሳስበን ጀምሯል፤ ይኸውም ሁለተኛው ትርጕም የመጀመሪያውን እንዳይውጠው ነው። «ዐረፈ» ተብሎ ከተረዳነው ወገናችን መካከል፣ በሕይወቱ ሳለ ዐረፈ ሲባል የሰማነው ስንቱን ነው?

ይህን ሐሳብ የቀሰቀሰብን ትልቅ ጕዳይ አይደለም፤ አንድ ቀን በብስክሌት መድከማችን ነው።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ በአንዲት ቅዳሜ፣ የማኅበራችን ወጣቶች ብስክሌት ሊነዱ ሲወጡ እኛንም ጋበዙን። (ቅዳሜም ሰንበት መሆኑን የሚያስታውሰን አንባቢ ቢኖር ወቀሳውን በጸጋ እንቀበላለን።) መንገዱ ከሀምበር ወንዝ ድልድይ ተነሥቶ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው፣ ማርቲን ጉድማን የተባለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ነበረ። ከዚያም ከቶሮንቶ የሕንፃ ፍርስራሽና ከአፈር ተደልድሎ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐይቁ የሚገባውን፣ ሌስሊ ስትሪት ስፒት የሚሉትን ምድር እስከ ጫፉ ሄደን ተመለስን። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለወጣቶቹ ጨዋታ ነው። ለእኛም ስንሄድ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ነፋሱ ከኋላችን እየገፋ መሆኑን አላስተዋልንምና። ስንመለስ ያው ነፋስ ከምዕራብ ፊት ለፊት ተቀበለን።

ከመነሻችን እንደ ደረስን ወጣቶቹ ወዲያው አልቆሙም፤ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይዞሩ ነበር። እኛ ግን ድካማችን እንዳይታወቅብን ፈጥነን ወርደን ቀጥ ብለን ቆምን። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ ደከሙ እንዴ?» ቢለን፣ «ምን አደከመኝ!» ብለን መለስን። ቃሉ ከአፋችን ሳይጨርስ ዓይናችን ጨለመ፤ ጕልበታችንም ከዳን። ደግፎ ያስቀመጠን ይኸው የጠየቀን ልጅ ነው። በርከክ ብሎ የጫማችንን ማሰሪያ ፈታ፤ እግራችንን ከፍ አድርጎ በቦርሳው ላይ አሳረፈ፤ ጥቂት ጨው የገባበት ውኃ በቀስታ አጠጣን፤ ለራሱ የያዘውንም በማር የታሸ በሶ ቈርሶ ሰጠን፤ ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበረና። እርሱ ራሱ በዚያው ምሽት ወደ ሥራ እንደሚሄድ ያወቅነው ኋላ ነው። ሥራውም በብስክሌት ምግብ ከየምግብ ቤቱ እየተቀበለ ለየቤቱ ማድረስ ነው።

ልጁ ያደረገልን ሁሉ ከዘመኑ ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘነው። ሰው ብስክሌት ሲነዳ የእግሩ ጡንቻዎች በተኰማተሩ ቍጥር ደሙን ወደ ልብ ይገፋሉ። ድንገት ሲቆም ይህ እገዛ ይቋረጣል፤ የሰፉት የደም ሥሮች ደሙን በእግር ያቈዩታል፤ አንጎልም ለጊዜው ይጐድልበታል። ስለዚህ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ያህል በዝግታ መንዳት ይገባል። በላብ የወጣውን ውኃ በሚመለከት፣ ከሰውነት ክብደት በቀነሰው በያንዳንዱ ኪሎ ልክ እስከ 1 ሊትር ተኩል ድረስ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥቂቱ፣ ከጨዋማ ነገር ጋር መጠጣት ይመከራል። ጨው የሌለበት ውኃ ከመጠን በላይ ቢጠጡት የደሙን ጨው አቅጥኖ ብርቱ ሕመም ያመጣልና። ጡንቻና ጕበት ያከማቹት የስኳር ስንቅ ሲሟጠጥ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ እየተመገቡም እንኳ መልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ደግሞ የጾም ገበታችን አያሳፍርም፤ በሶው፣ እንጀራው፣ ሽሮውና ምስሩ ኃይል ሰጪውንም ገንቢውንም አብሮ ይዟል። ብዙዎች የሚወዱት በበረዶ ውኃ መነከር ግን እንደሚወራለት አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ ጡንቻ ለማጠንከር ክብደት የሚያነሡ ሰዎች ከልምምድ በኋላ ቢነከሩ የሚያገኙት ጥንካሬ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሚሠራበት ሰዓት አይደለም። በሥራ ጊዜ ይደክማል፤ ጥቃቅን ጕዳትም ያገኘዋል፤ የሚታደሰውና ከቀድሞው የሚበረታው ሰውዬው ሲመገብና ሲተኛ ነው። እኛ ዕረፍትን እንደ ደመወዝ ስንቈጥር ኖረናል፤ በመጀመሪያ ሥራው ይፈጸማል፣ ከተረፈ ጊዜ ዕረፍቱ ይከፈላል ስንል። ሥጋችን ግን ዕረፍትን የሚቈጥረው ከሥራው እንደ አንዱ ክፍል ነው።

ይህን ስንል «ኢትዮጵያዊ አይደክመውም» የሚለው ትምክሕታችን ይመጣብናል። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ ሲገባ፣ እንደ ሌሎቹ አልወደቀም፤ በሜዳው ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣና ሰውነቱን እያፍታታ የአካል እንቅስቃሴ ሠራ። እኛም በዚያ ዘመን ሕፃናት ሳለን የሰማነው፣ ገና ሌላ ያህል መሮጥ ይችል ነበር እየተባለ ነው። ዛሬ ስናስበው ግን ምስክርነቱ ሌላ ይመስለናል። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ሁለት ወር እንኳ ያልሞላው ሰው፣ ውድድሩ እንዳበቃ በመጀመሪያ የሠራው ሥራ ሰውነቱን በሥርዓት ወደ ዕረፍት መመለስ ነበር። እኛ ትምክሕቱን ወሰድን፤ ሥርዓቱን ተውነው።

ወደ ጥንት አገራችንም ብንመለስ ሥርዓቱ አልጠፋንም ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ይላል፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባልና ይገባል። ከዚያ የቤቱ ልጅ በገበቴ ለብ ያለ ውኃ ይዞ ቀርቦ እግሩን ያጥበዋል፤ ባቱን ያሸዋል። እንጀራ ይቀርብለታል፤ መኝታ ይነጠፍለታል። ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ደካማው ሰው ራሱን አያስታምምም፤ ሰው ይቀበለዋል። ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ሞቱን ለምኖ በተኛ ጊዜ የመጣለት መልአክ ስለ ተስፋ መቍረጡ አልገሠጸውም፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም አበላው። እስከ ኮሬብ የሚወስደው የአርባ ቀን መንገድ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ኤልያስ በዚህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ የተጠየቀውም እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።

እዚህ አገር ስንገባ እግራችንን ያጠበን አልነበረም፤ ይህንም ለወቀሳ አንናገረውም፤ ልማዱ ሌላ ነውና። የራሳችን ጥፋት ሌላ ነው። ከመካከላችን ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን የተማረ፣ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ለወግ ለማዕርግ ያበቃ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ የሠራች ብዙ ናቸው። ሁላችንም «አገራችን ስንገባ እናርፋለን» እንል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጥቂቶች ገቡ፤ የቀረነውም ዕረፍታችንን ለቀጣዩ ዓመት አስተላለፍነው፤ ከዚያም ለሚቀጥለው። ዘመኑን ሁሉ ዕረፍታችንን አገር ቤት እንዳስቀመጥነው አደራ ቈጠርነው። ሥጋ ግን አደራ አይጠብቅም፤ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የወገብ ሕመም እየጨመረ በየጊዜው ያስከፍለናል። እርስ በርሳችን ስንገናኝ እንኳ ለደከመው ሰው ያለን ቃል «በርታ» ነው። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ቁጭ በል የሚል ሳይቀድመው ሲነገር ሸክም ይሆናል።

አሁን ደግሞ ተራው የልጆቹ ነው። በኦንታሪዮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ሕግ እንዲህ ላሉ ምግብ አድራሾች ዝቅተኛ ክፍያ ወስኖላቸዋል፤ ይህም በጎ ነው። ሆኖም ክፍያው የሚታሰበው ትእዛዝ ተቀብለው እስኪያደርሱ ላለው ጊዜ ነው፤ በሁለት ትእዛዝ መካከል በየጥጉ ቆመው የሚጠብቁበት ሰዓት አይቈጠርም። እንዲህ ሲሆን ቁጭ ማለት ሁሉ ኪሳራ ይመስላል፤ ሰውነቱ የሚታደስበት ሰዓት ከሒሳቡ ውጭ ነውና። እኛን ያስተማረን ልጅ ውኃውንና ጨውን ሁሉ ያውቃል፤ የሚያርፍበትን ቀን ግን አያውቅም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ አገኘነው። «ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት አደረ?» አለን። ደኅና መሆኑን ነግረን፣ «አንተስ የምታርፈው መቼ ነው?» ብንለው፣ ጥቂት አሰበና፣ «ወንድሜን ካስመጣሁ በኋላ» አለ። መልሱን ዐወቅነው፤ ስንት ዘመን የተናገርነው የራሳችን ቃል ነውና። እጁን ይዘን ከወንበር አስቀመጥነው፤ ከዳቦው ቈርሰን ሰጠነው፤ በልቶ እስኪጨርስም ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅነውም።