ታንኳውን ወደን፣ ቅሉን ገፍተን

ልጆቼ፣ ጣና ዳር ተወልጄ ጣና ዳር ያረጀሁ ነኝና ስለ ወይጦ ጎረቤቶቻችን የምለው አለኝ።

በልጅነቴ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የምንሻገረው በደንገል ታንኳ ነበር። ወይጦው ደንገሉን ያጭዳል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅ ነዶ ነዶውን በልጥ ጠፍሮ ጫፉን ወደ ላይ ይቀለብሰዋል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ዳር አውጥተው ያደርቁታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። እኛ ግን እህላችንንም፣ እንጨታችንንም፣ ልጆቻችንንም አምነን ጫንንበት።

አንድ ቀን አባቴ ታንኳ ሊገዛ ወደ ሰፈራቸው ይዞኝ ሄደ። አንዲት እናት በቅል ውሃ ሰጠችኝ። እጄን ስዘረጋ አባቴ ክንዴን ያዘና «አልጠማውም» አላት። ጠምቶኝ ነበር። ቅሉን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። አባቴ በማግስቱ ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያልተወጋሁት እኔ እንኳ ያልረሳሁትን እሷ እንዴት ትርሳው?

የመራቃችን ምክንያት ሲጠየቅ መልሱ «ጉማሬ ይበላሉ» ነው። እስላም ነን ቢሉ እስላሙም ጎረቤት ራቃቸው፣ ክርስቲያኑም ራቃቸው። የጉማሬው አደን ቀረ፤ ንቀቱ አልቀረም። ነገሩ የሥጋ ቢሆን ኖሮ ከሥጋው ጋር በቀረ ነበር። አጤ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ አፍን ይገታ ይሆናል፣ ማዕድ ግን የሚቆረሰው ቤት ውስጥ ነው።

ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ወደዚህ ሲመጣ ወይጦዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቋንቋችንን ተቀብለውናል፤ እኛ ውሃቸውን አልተቀበልናቸውም።

አሁን ደግሞ የሐይቁ ዳር ታረሰ፣ ሆቴል ተሠራበት፣ ውሃውን እምቦጭ ወረረው። ደንገሉ ሸሸ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። የገበሬ ማሳ ሲነካ ገበሬው ይጮኻል፤ ደንገል የሚታጨድበትን ረግረግ ግን ማን ማሳ ይለዋል?

እንግዲህ የምለምናችሁ ትንሽ ነው። ታንኳቸውን ፎቶ አንስቶ ማድነቅማ ማንም ያደንቃል። ሰርጋችሁ ላይ ጥሯቸው፤ ጠርታችሁም ዕቃ አትለዩባቸው። የሐይቁ ዳር ሲሸነሸን የእነሱ ሽማግሌ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። ልጃችሁ በቅል ውሃ ሲሰጡት ደግሞ፣ ክንዱን አትያዙት።