የሚባክን ጊዜና ዘለዓለማዊ ሕይወት

በአገራችን አነጋገር ሥራ ያጣ ሰው «ቀን እገፋለሁ» ይላል፤ በጨዋታ የሚውልም «ጊዜ አጠፋለሁ» ይላል። ሁለቱም አነጋገሮች ከልማድ ብዛት የተነሣ አያስደነግጡንም። ቆም ብለን ስንመረምራቸው ግን ከባድ ጥያቄ ያዘሉ ናቸው። የምንገፋው ቀን ወዴት ይሄዳል? የምናጠፋውስ ጊዜ የማን ነበር? ደግሞም ዘለዓለም ፍጻሜ የሌለው ከሆነ፣ በእርሱ ፊት አንዲት ሰዓት ብትባክን ምን ጉዳት አላት? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ አብረን ልናስብበት የምንወደው ይህንኑ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የተሳሳተ አሳብ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ዘለዓለም ማለት ሰዓት በሰዓት ላይ ያለ ማቋረጥ የተከመረበት እጅግ ረጅም ጊዜ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ፈላስፋ ቦኤቲዮስ፣ ዘለዓለም ፍጻሜ የሌለውን ሕይወት በአንድነትና በምልዓት መያዝ እንደሆነ አስተምሯል፤ ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖም ይህን ትርጓሜ ተቀብሎ አብራርቶታል። እንግዲህ ሰዓታችን በዘለዓለም ፊት እንደ ጠብታ በባሕር ውስጥ አይደለችም፤ ይልቁንም እንደ ዘር ናት። የቢቸና ገበሬ የጤፍ ፍሬ ከእርሻው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ናትና ብትጣል ግድ የለም አይልም። በክረምት ያልተዘራው በኅዳርና በታኅሣሥ እንደማይታጨድ ያውቃል። ዘለዓለምም በዚህ ዓለም የተዘራው ፍቅር የሚታጨድበት ነው።

በሰምና ወርቅ ምሳሌነት ዘወትር የሚጠቀሰውን የሞጣ ቀራንዮን ቅኔ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሰሙ መሬቱ ሳይታረስ መቅረቱን እየተገረመ ይጠይቃል፤ ወርቁ ግን መንገደኛው በሙታን ላይ አልፎ መምጣቱን ይናገራል። እኛም ስለ ባከነ ጊዜ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ በሰሙ ላይ እንቀራለን። እጅ ሥራ ከፈታ ጊዜው ባከነ፣ እጅ ከተንቀሳቀሰ ጊዜው ዳነ እንላለን። ወርቁ ግን ሌላ ነገር ይጠይቀናል፤ በዚያ ሰዓት ልባችን ሕያው ነበረ ወይስ ሙት?

ለዚህ አንድ ማስረጃ በቢቸና አካባቢ በሚገኘው፣ በቅኔ ትምህርት ስሙ በታወቀው በዲማ ጊዮርጊስ እናገኛለን። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። ቅኔው ለዕለቱ ይበረከታል፤ በማግሥቱ አዲስ ይፈለጋል እንጂ የትናንቱ አይደገምም። በገበያ ሚዛን ይህ ሁሉ ዓመት ከንቱ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቀረበው ለእግዚአብሔር ነውና፣ ከሰው ጆሮ ቢጠፋም ከተቀባዩ ዘንድ አልጠፋም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቢቸናና ከሞጣ ብዙ ሳይርቅ በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተገኙት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 ተወልደው፣ በወጣትነታቸው መንኵሰው፣ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲመላለሱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ተጕዘው ሮምንና ኢየሩሳሌምን አዩ። ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ጋር ሆነው ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 ሲሆን ያን ጊዜ 53 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ክህነት የተቀበሉት በ1851 ነው። ከ4 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

ይህን ሕይወት በቁጥር ብንመዝነው ግማሽ ምዕተ ዓመት በፍለጋ፣ 4 ዓመት ብቻ በክህነት፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በእግር ብረት አልፈዋል። የፍለጋው ዘመን ባክኗልን? አልባከነም፤ የፈለጉት በእውነት ነበርና። የእስራቱስ ወራት? የታሰረ ሰው ምንም አይሠራም፤ ታማኝነቱን ግን ይሰጣል። ሊሰጥ የሚችለውን የሰጠ ሰው ጊዜውን አላባከነም።

ከዚህ የምንረዳው ጊዜን የሚያባክነው ዝግታ ወይም ዕረፍት አለመሆኑን ነው። ከሐዘንተኛ ጋር ለቅሶ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ጊዜውን አላጠፋም። በአንጻሩ ከጎረቤቱ ጋር ስለ አንድ ድንበር ዓመታት ሲሟገት የኖረ ሰው እጅግ ቢደክምም ቀኖቹን ለጥላቻ ገብሯል። በእጅ ስልክ ላይ ዐይኑን ተክሎ አጠገቡ ያለች እናቱን የማይሰማ ወጣትም እንዲሁ ነው። ለማንም ያልተሰጠ ጊዜ፣ እርሱ የባከነ ጊዜ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ፤ ይኸውም የሌላውን ጊዜ ማባከን ነው። ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ከተማ የደረሰን ገበሬ፣ ጉዳዩ በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ሆኖ ሳለ «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» ብሎ የሚመልስ ሰው ከዚያ ድኻ ዕድሜ ላይ አንድ ቀን ነጥቋል። ገንዘብ ቢወስድበት መመለስ ይቻል ነበር፤ ቀኑን ግን ማን ይመልስለታል? የራስን ጊዜ ማባከን ስንፍና ከሆነ፣ የድኻን ጊዜ ማባከን ስርቆት ነው። ይህ የሹማምንት ኃጢአት ብቻ አይደለም። ሕፃናትን ሰብስቦ ሳይዘጋጅ የሚመጣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም፣ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት የሚያስጠብቅ አሠሪም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም።

ዕድሜያቸው አልፎ «እኛስ ዘመናችንን አባከንን» ብለው የሚያዝኑ ወገኖች ይኖራሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ ዘመኑን እንዲዋጁ መክሯቸዋል። የሚዋጀው የተማረከ ነገር ነው፤ ስለዚህ ተማርኮ የነበረ ዘመን እንኳ ተስፋ አለው ማለት ነው። በጌታ ምሳሌ ወደ ወይኑ እርሻ በመጨረሻ የተጠሩት ሠራተኞች የመጡት በ11 ሰዓት ነበር። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። ባለቤቱ ያለፈውን ሰዓት አልተቆጣጠራቸውም፤ የቀረችውን አንዲት ሰዓት ግን ፈለጋት።

ስለዚህ ምእመናን ማታ ከጸሎት በፊት ዛሬ ምን ሠራሁ ከማለት ጋር ጊዜዬን ለማን ሰጠሁ፣ የማንንስ ጊዜ ወሰድሁ ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። መምህራንም ይህንኑ ጥያቄ ለልጆቹ ቢያስተምሩ፣ ልጆቹ ዘለዓለም ከሞት በኋላ ብቻ የሚጀምር ሩቅ አገር አለመሆኑን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይረዳሉ።