ከአምልኮው በኋላ ያለው ምሳ

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እሑድ አምልኮው ተጠናቆ ግቢ ውስጥ ቆማችሁ «ዛሬ ምሳ የት ነው?» ስትባባሉ፣ ከመካከላችሁ ይህን ጥያቄ የሚፈራ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ይህን አስቤው አላውቅም። ማሰብ የጀመርኩት አንድ ወንድም ከመካከላችን ካጣን በኋላ ነው። ወንድማችን ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

እኛ መዘምራን እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልምምድ አለን። ልምምዱ ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሁላችንም ሆድ ይጮኻል። ገርጂ፣ የኮሪያ ክርስቲያኖች ካሠሩትና ሰዉ «ኮሪያ ሆስፒታል» ከሚለው ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ትንሽ የኮሪያ ምግብ ቤት አለች። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ኮሪያዊት ናቸው፤ እኛ «ማዘር» እንላቸዋለን። አማርኛቸው ከሰላምታና ከቁጥር ብዙም አያልፍም፤ ደግነታቸው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

እንዲህ ያለ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ያዘዛችሁት ምግብ ገና ሳይመጣ ትናንሽ ሳህኖች ጠረጴዛውን ይሞሉታል፤ በበርበሬ ተለውሶ የኮመጠጠው ኪምቺ፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ ቆስጣ፣ ድንች። በአንድነት ባንቻን ይባላሉ። መሃል ላይ ስለሚቀመጡ የማንም አይደሉም፤ ሁሉም ያነሣል። ሲያልቁ ይሞላሉ፤ ሒሳብ ላይም አይጻፉም።

አንድ እሑድ ዘጠኝ ሆነን ተቀመጥን። አንዱ ወንድማችን ቡዴ ጂጌ የሚባለውን ወጥ አዘዘ። በሰፊ ድስት መሃል ላይ የሚንተከተክ፣ ኪምቺና በርበሬ፣ ቶፉ፣ እኛ ኢንዶሚ የምንለው ዓይነት ፓስታ፣ ቋሊማም ያለበት ወጥ ነው። አስተናጋጇ «ቋሊማው የአሳማ ነው» ስትለን ምሳው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተለወጠ። አንዱ ሮሜ 14ን ከስልኩ አወጣ፤ ሌላው ማርቆስ 7ን ጠቀሰ፤ አንዲት እህት «አያቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» ብላ አሳቀችን። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ «የወንድማችንን ሕሊና እናክብር» ተባብለን ሁለት ድስት አዘዝን፤ አንዱ ከነቋሊማው፣ አንዱ በበሬ ሥጋ። ማንንም ሳናሰናክል ስለተስማማን ደስ ብሎን በላን።

በዚያው ጠረጴዛ ጥግ አንድ ወንድም ብርጭቆ ውሃ ይዞ ተቀምጦ ነበር። «ጾም ላይ ነኝ» ብሎናል። «ጌታ ጸጋውን ያብዛልህ» አልነው። አንዳችን እንዲያውም «እኛ ሆዳሞቹ ምን ይዋጠን!» ብሎ አሳቀን።

ወንድማችን ጾም ላይ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር አብሮን በልቶ ነበር። ያዘዘው ከሜኑው ላይ በጣም ርካሹን ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን እንደ ልማዳችን በነፍስ ወከፍ ተካፈልነው፤ ለእያንዳንዳችን 850 ብር ደረሰ። አንዱ በሙሉ ይከፍላል፣ ሌሎቻችን በቴሌብር እንልክለታለን። ከፋዩም ማን እንደላከ እንዳይምታታበት ስማችንን በመዘምራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይዘረዝርና የላከው ስም አጠገብ የ«ራይት» ምልክት ያደርጋል። ክፋት ያለው አሠራር አይደለም። ነገር ግን ያ ወንድማችን ለሦስት ሳምንት ምልክት ያልተደረገበት ብቸኛ ስም ነበር። በመጨረሻ ከፈለ፤ የከፈለውም ከትራንስፖርቱ ቀንሶ፣ ከሥራ ወደ ኮተቤ በእግሩ እየተመላለሰ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ጾም ላይ ነኝ» አለ። በሦስተኛው «ዘመድ ቤት እሄዳለሁ» አለ። ከዚያ ልምምድ ቀረ፤ ከዚያ ከነጭራሹ ቀረ። እኛም «ደከመ» አልን፤ በጸሎት ርዕሳችን ላይ «በመንፈስ ለደከሙ» ከሚለው ሥር አስገባነው።

እውነቱን የሰማሁት ከወራት በኋላ፣ ጀበና ቡና እየጠጣን ነው። «አምልኮው አልከበደኝም» አለኝ፤ «የከበደኝ ከአምልኮው በኋላ ያለው ነው።»

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በድለነዋል ወይስ አልበደልነውም? ማንም አልገፋውም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። «ና እንብላ» ብለን የጠራነው በሙሉ ልባችን ነው። አንድ ሰው አስቦ ካልጎዳ እንዴት በደለኛ ይባላል?

ይህን መልስ ለራሴ ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ግን አላሳረፈኝም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ላይ ሳይታወቅ ስለሚሠራ ኃጢአት ሥርዓት ተሰጥቷል። ግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ጉባኤው በሙሉ ሳያውቅ ቢበድል፣ ነገሩ በታወቀ ጊዜ መሥዋዕት ያቀርባል። አለማወቅ በደሉን አላጠፋውም፤ ጊዜው እስኪደርስ ሸሸገው እንጂ። የእኛም በደል የክፋት ሳይሆን ያለማየት ነው። ያለማየት ደግሞ ሁልጊዜ ያለጥፋት የሚመጣ አይደለም። ስለ ቋሊማው ግማሽ ሰዓት ያየን ዓይኖች ስለ ወንድማችን አንዲት ደቂቃ አላየንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 የጻፈውን እስቲ ከምሳ አንጻር አንብቡት። የጌታን እራት በምንካፈልበት ጊዜ ስለምናነበው፣ የተግሣጹ መነሻ የምግብ ጉዳይ መሆኑን እንረሳለን። የቆሮንቶስ ምእመናን በአንድነት ይሰበሰቡ ነበር፤ ነገር ግን ያለው ቀድሞ የራሱን ይበላል፣ የሌለው ይራባል። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች እንደሚያስረዱት፣ ዘግይተው የሚደርሱት ጊዜያቸው በእጃቸው ያልነበረ ሠራተኞችና ባሪያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ጳውሎስ ጉዳዩን የገበታ ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አላደረገውም፤ የሌላቸውን ማሳፈር የእግዚአብሔርን ጉባኤ መናቅ ነው አለ። የሰጠው መፍትሔም ቀላል ይመስላል፤ ስትሰበሰቡ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ የሚል ነው። እኛ በሰዓት ተጠባብቀናል። በኪስ ግን አልተጠባበቅንም።

ስለዚያ ወጥ ታሪክ ከተረዳሁ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከነከነኝ። ቡዴ ጂጌ ማለት የጦር ሰፈር ወጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1953 ከተደረገው የኮሪያ ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ክፉኛ ተርቦ ነበር። በተለይ ከሴኡል በስተ ሰሜን በዪጆንግቡ አካባቢ የነበሩ ሰዎች ከአሜሪካ ጦር ሰፈሮች የሚወጣውን ቋሊማና የታሸገ ሥጋ ካላቸው ኪምቺና በርበሬ ጋር ቀላቅለው በአንድ ድስት ቀቀሉት። ትንሿ ነገር ለብዙ ሰው እንድትበቃ የተፈለሰፈ ወጥ ነው።

በዚያ ዘመን የእኛም ሰዎች እዚያ ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ወታደሮች ከዪጆንግቡ በማይርቀው በዶንግዱቾን ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው ይደጉሙት ነበር። ራሳቸውም ከድኻ አገር የሄዱ ናቸው፤ ነገር ግን ከአጠገባቸው የተራበ ሰው እንዳለ አዩ። እኛ የእነርሱ የልጅ ልጆች ማንም እንዳይራብ በተፈለሰፈው ድስት ዙሪያ ተቀምጠን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን የተራበ ወንድም ሳናይ በላን። «ጸጋውን ያብዛልህ» ብለን ጭምር።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምግብ ቤት መግባት ኃጢአት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጌታችን በሰርግ ቤት ተገኝቷል፣ በቀራጮች ገበታ ተቀምጧል፣ በላተኛ እስኪባል ድረስ ከሰው ጋር በልቷል። አብሮ መብላት መልካም ነገር ነው፤ ጥያቄውም ክብደት ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌሎቻችሁ «ለምን አልነገራችሁም?» ትላላችሁ። እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ቢነግረን ኖሮ የሚከፍልለት አይጠፋም ነበር። ግን አስቡት፤ እኔ ወደዚያ ገበታ ለመቅረብ የሚጠበቅብኝ ገንዘብ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን መጀመሪያ ድህነቱን ሊናዘዝ ነው። በአንዱ በር እኔ በብር፣ እርሱ በክብሩ ከፍለን ልንገባ ነው። እርሱም ራሱን አላጸደቀም። «ጾም ነው ብዬ መዋሸቴ ከሁሉ በላይ አሳፈረኝ፤ ቆሜ ለመዘመር እንኳ አፈርኩ» ብሎኛል። ውሸቱ የእርሱ ነው፤ ንስሐም ገብቶበታል። ያ ውሸት ከእውነቱ ይልቅ ቀላል የሆነበትን ገበታ የዘረጋነው ግን እኛ ነን።

«እንግዲያው ያለው ለሌለው ይክፈል» የሚልም አለ። ይህ መልካም ነው፤ በሉቃስ 14 ጌታ ብድር መመለስ የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሮናል። ሆኖም ሁልጊዜ የሚከፈልለት ሰው ቀስ በቀስ የሚሆነውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ይቀንሳል። ሲያዝ ይሳቀቃል። ቀልድ ሲቀለድ ቀድሞ ይስቃል። ከፋዩ ሳያስበው የገበታው ባለቤት ይሆናል፤ ተከፋዩም እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በክርስቶስ ገበታ ላይ ግን ጋባዡ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ሁላችን ተጋባዦች ነን።

ማዘር ቤት ተመላልሼ ያየሁት ነገር እዚህ ላይ ረዳኝ። በኮሪያውያን ልማድ ታላቅ ማንኪያውን ሳያነሣ ታናሽ አይጀምርም። ሲጠጡም የራስን ብርጭቆ ራስ መሙላት ጨዋነት አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ይቀዳል። ስለዚህ ሁሉም ዓይኑን የጎረቤቱ ብርጭቆ ላይ ያደርጋል። የቤተሰብን አባል ሲጠሩ ደግሞ ሺክኩ ይላሉ፤ ቃል በቃል የሚበላ አፍ እንደ ማለት ነው። ይህን ስሰማ የራሳችን ቃል ትዝ አለኝ። ባልንጀራ የሚለው ቃል ከ«ባለ እንጀራ» እንደ መጣ ይነገራል፤ እንጀራ የሚቋደስ ማለት ነው። ሰውን እንደ ራስ ስለ መውደድ የሚናገረው ታላቁ ትእዛዝ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን የተነገረው በዚህ ቃል ነው። በየሳምንቱ ስለ ባልንጀራ ፍቅር እንዘምራለን፤ ዝማሬው አልቆ እንጀራው ሲቀርብ ግን ማን ባልንጀራ እንደሆነ የሚወስነው ቴሌብራችን ሆኖ ነበር።

መዘምራኑ ይህን ከተወያየን በኋላ ስማችን የሚዘረዘርበትን አሠራር ተውን። አሁን ሜኑው ከመከፈቱ በፊት አንድ ፖስታ በጠረጴዛው ሥር ይዞራል። ያለው የቻለውን ያስገባል፤ የሌለው ተቀብሎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ገንዘብ ያዣችን ትቆጥርና በተገኘው ልክ ለሁላችን ታዝዛለች። አንድ እሑድ አሥራ አንድ ሆነን ፖስታው ለሁለት ድስትና ለሩዝ ብቻ በቃ። ማዘር ኪምቺውን ሦስት ጊዜ ሞሉልን። ፖስታው ከዚያም ሲቀልል ግቢ ውስጥ ሽሮ ሠርተን እንበላለን። ዘዴው እንከን የለሽ ነው አልልም፤ ብዙ የሚያስገባው ሰው ፊቱ ላይ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ «የፈለግሁትን መብላት አልቻልኩም» ያለም አለ። እናንተ ከዚህ የተሻለ ታገኙ ይሆናል። በኢሳይያስ 55 ገንዘብ የሌለው መጥቶ እንዲበላ የተጠራበት ጥሪ አለ፤ የእኛ ገበታ ያንን ጥሪ ትንሽ እንኳ እንዲመስል ነው የምንጥረው።

ወንድማችን አልተመለሰም። አሁን ኮተቤ፣ ቤቱ አጠገብ ባለች አጥቢያ ይዘምራል፤ ጌታን ስለዚህ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር ቡና ስንጠጣ ስለ ፖስታው ነገርኩት። ሳቀ፤ ጥቂት ዝም አለና፣ «አሁን እኔ በነበርኩበት ጥግ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምናልባት ምሳ የሚከፍልበት ቢያገኝም ጨዋታችን የማይገባው ነው፤ ምናልባት ከገጠር በቅርቡ የመጣች እህት ናት፤ ምናልባት ከእኛ መካከል በእውነት የሚጾም፣ ግን ማንም ስለ ምን እንደሚጾም ያልጠየቀው ነው። ጥያቄውን ይዤ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። እናንተም ይዛችሁት ሂዱ። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን በዓይናችሁ ዙሩት፤ ውሃ ብቻ የያዘ ሰው ካያችሁ፣ «ጸጋውን ያብዛልህ» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ።