ክፍት ችሎት፣ የሰው ገመና

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለ አንድ ሻይ ቤት ሰሞኑን የተነሳው ክርክር እስካሁን አልለቀቀኝም። ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ በዘመናቸው ያዩትን የሁለት እህትማማቾች የውርስ ሙግት ጽፈዋል። ስም አልጠሩም። ነገር ግን ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ መሐሉ በብሎኬት የተከፈለ ግቢ ተብሎ ሲነበብ ሰፈርተኛው ወዲያው ቤቱን አወቀው። ገሚሱ “ሕግ እያስተማሩን ነው” አለ፤ ገሚሱ “የሰው ገመና ነው” አለ።

ለዳኛው የሚከራከሩት፣ ችሎቱ ክፍት ነበር፣ የፈለገ ገብቶ መስማት ይችል ነበር ይላሉ። እውነት ነው። የችሎት በር የሚከፈተው ግን ዳኛው ተደብቆ እንዳይፈርድ፣ የሕዝብ ዓይን እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ግልጽ ችሎትን የተከሳሹ መብት አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ትረካው ያንን ዓይን ከዳኛው ላይ አንሥቶ ባለጉዳይዋ ላይ ይጥለዋል። እሳቸው ይመሰገናሉ፤ እሷ ነገ ዳቦ ልትገዛ በዚያው ሻይ ቤት ደጅ ታልፋለች።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ግን መለሰኝ። በ14 ዓመቷ ጠልፎ የደፈራትን ሰው ተኩሳ ገደለች። ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ያኔ ይመሩት የነበረው የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ሕጋዊ መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ቀዳዳውን ደፈነው። ለዚህ ብዙ ሴቶች ለፍተዋል፤ የዚያች ልጅ ታሪክ በየቤቱ ባይወራ ኖሮ ግን ልፋቱ ይህን ያህል ጉልበት ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ስለዚህ ዳኛው ዝም ይበሉ ማለት አልችልም።

ይኸው ጉዳይ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ2006 በዚሁ ታሪክ ላይ የተሠራው “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኬን ያለፈቃዴ ወሰዱት ያለችው ባለታሪኳ ራሷ ናት። ፊልሙ ስሟን ለውጦ ነበር፤ አልጠቀማትም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ እኔም ስሟን እዚህ አልጽፍም።

እንግዲያውስ ፈቃድ ይጠየቅ? ይህንም ሳስበው ያዳግተኛል። እሷ እሺ ብትል የሟች ወገን እምቢ ይላል። ጉቦ በልቶ የተፈረደበት ሹምም “የግሌ ጉዳይ ነው” ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የምጠይቀው አነሰ፦ ዳኛ ያልሰማው ሰው ላይ አይፈርድም፤ ጡረታ ሲወጣም ይህን ልማዱን አይተው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ባለጉዳይዋ ትስማው፤ “ይህ ስህተት ነው፣ ይህችን አውጡልኝ” የምትልበት ዕድል ይኑራት።

ጭራሽ አይጻፍ ብትልስ? ጉዳዩ ሕጉን ራሱን ለፍርድ ያቀረበ ከሆነ ይጻፍ እላለሁ፤ ሰዎቹን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ይቅር። ይህ መስመር ግን እንዳሰብኩት ጥርት ያለ አይደለም። ከስንቱ የውርስ ሙግት ሥር “ሴት ልጅ አትወርስም” የሚል ልማድ አለ፤ ያ ሲሆን የቤት ጠቡና የሕጉ ጥያቄ አንድ ይሆናሉ፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው የሚቻልበትን መንገድ ገና አላገኘሁም።